ሌቨንዎርዝ በብርድ ወራት፦ ልጅና አያት ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ወደምትገኘው ሌቨንዎርዝ መጀመሪያ የሄድነው በዲሴምበር ወር፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም። በረዶ የለበሰ ተራራና በመብራት ያጌጠች ከተማ ላሳያት ጓጉቼ፣ ማንንም ሳልጠይቅና ምንም ሳላዘጋጅ ቤተሰቤን ይዤ ተነሣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው መንገድ ከአምስት ሰዓት በላይ ወሰደብን። መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ጀምበር ጠለቀች። ጾመ ነቢያት ስለነበር እናቴ የቋሊማ ጢስ በሚያውደው ጎዳና ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ዋለች፤ ትንሿ ልጄ ደግሞ የጥጥ ካልሲዋ ርሶ እግሯ ደንዝዞ ታለቅስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ገና ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት ገብተን ማክሰኞ ተመለስን። ከተማዋ ያችው ናት፤ መብራቱም ያው ነው። ጉዞው ግን ፈጽሞ ሌላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንሄዳለን። ሊሄዱ ያሰቡ ወዳጆቼም እየደወሉ ይጠይቁኛል። በሲያትል፣ በሬንተን፣ በኬንትና በተክዊላ ለምትኖሩ፣ ከሀገር ቤት ዘመድ መጥቶላችሁ የት ልውሰደው ብላችሁ ለምታስቡ ሁሉ በስልክ የምነግረውን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጣለሁ። የምጠቅሰው ሰዓት በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ስለ ከተማዋ ለልጆች የምትነግሩት

ሌቨንዎርዝ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከሲያትል 120 ማይል ወይም 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 2,400 ቢሆኑ ነው። ቤቶቿ ሁሉ በጀርመን ደቡብ፣ በባቫሪያ ተራራማ መንደሮች አምሳል የተሠሩ ናቸው፤ ባለ ቅርጽ የእንጨት ሰገነት፣ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ሥዕሎች፣ በጥንታዊ የጀርመን ፊደል የተጻፉ ሰሌዳዎች አሏቸው።

ይሁን እንጂ የቆረቆሯት ጀርመኖች አይደሉም፤ ይህን ለልጆች መንገር ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ከጌጡ ይበልጣልና። የዌናቺ ነባር ሕዝብ የአይሲክል ወንዝ ከዌናቺ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ከጥንት ጀምሮ ሳልሞን ያጠምድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግሬት ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በዚያ ሲዘረጋ ከተማዋ ተመሠረተች፤ ቀጥሎም ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ ተተከለባት። በ1920ዎቹ ባቡሩ ማዕከሉን ወደ ዌናቺ ከተማ አዛወረ፤ መሰንጠቂያውም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሱቆች እየተዘጉ፣ ወጣቶች እየተሰደዱ ከተማዋ ልትጠፋ ደረሰች።

በ1960 ቴድ ፕራይስና ቦብ ሮጀርስ የተባሉ ሁለት የሲያትል ሰዎች በአውራ ጎዳናው ዳር አንድ ምግብ ቤት ገዙ። በካሊፎርኒያ የምትገኘውንና በዴንማርክ መንደር አምሳል የተሠራችውን ሶልቫንግን አይተው ነበርና፣ እዚህም ተራራው የባቫሪያን ተራራ ስለሚመስል ከተማዋን በዚያ መልክ እንሥራት አሉ። በ1962 ነዋሪዎች ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ኮሚቴ አቋቁመው መከሩ፤ ባለሱቆቹም ከኪሳቸውና ከባንክ ተበድረው የየራሳቸውን ቤት ፊት አንድ በአንድ ለወጡ። ዛሬ ይህ መልክ በከተማዋ ሕግ ይጠበቃል፤ ማክዶናልድስም ሆነ ስታርባክስ ሰሌዳውን በዚያው ጥንታዊ ፊደል መጻፍ ግዴታው ነው። ለልጆች የመጀመሪያ ጨዋታ ይህ ይሁንላቸው፤ የሚያውቁትን ሱቅ በማያውቁት ጽሕፈት ፈልገው ያግኙ።

ቀኑን መምረጥ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከእኛ ገና በኋላ ሂዱ።

የሌቨንዎርዝ መብራት የሚበራው ከአሜሪካ የምስጋና ቀን ማግሥት፣ ማለትም ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በየምሽቱ ይበራል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አምፖል ነው። ብዙ ሰው ግን መብራቱ ከፈረንጅ ገና ጋር የሚያበቃ ስለሚመስለው በዲሴምበር ቅዳሜዎች ይጎርፋል። በእነዚያ ቀናት በዋናው መንገድ ላይ የሰው ትከሻ እየተጋፋ ነው የሚሄደው፤ የሆቴል ዋጋ ይንራል፤ አያት ይዞ መሄድማ ከቶ አይመከርም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ይዘልቃል። የዲሴምበሩ ድግስ በሙሉ በጾም ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ጃንዋሪ 7 ገናችንን በቤተ ክርስቲያንና በቤታችን አክብረን፣ ከፈለግንም ጃንዋሪ 19 ጥምቀትን አሳልፈን ስንሄድ ከተማዋ ጸጥ ብላ፣ በረዶዋ ወፍሮ፣ መብራቷ እንዳለ ይጠብቀናል። እኔ የምወደው ከገና ማግሥት እስከ ነነዌ ጾም ያለውን ጊዜ ነው። ነነዌና ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚለዋወጥ ባሕረ ሐሳቡን አይታችሁ ወስኑ። ሙስሊም ቤተሰቦችም በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በፌብሩዋሪ አካባቢ ስለሚገባ ጃንዋሪ ይሻላችኋል።

ከሳምንቱ ቀናት እሑድ ከሰዓት ገብቶ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መውጣትን የሚያህል የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቅዳሜው ሕዝብ እየወጣ እናንተ ትገባላችሁ፤ ረቡዕና ዓርብም ስለማይደርስባችሁ የምግቡ ነገር ይቀላል። ከዚህ የሚወጣው የጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በመሆኑ ትምህርት ቤት ሁሉ ዝግ ነውና ከተማዋ እንደ ዲሴምበር ትጨናነቃለች። ልጆች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ለአስተማሪያቸው ንገሩ።

ማደሪያ

ደርሶ መልስ በአንድ ቀን መሄድ ይቻላል፤ ልጅና አዛውንት ይዞ ግን አልመክርም። መብራቱ የሚያምረው ጨለማ ሲወርድ ነው፤ መብራቱን አይቶ በሌሊት የተራራውን መንገድ መመለስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው።

በከተማዋ መሀል ማደር ውድ ነው። ዋጋው ከበዛባችሁ 11 ማይል ርቃ በምትገኘው ካሽመር ወይም 22 ማይል ርቃ በምትገኘው ዌናቺ እደሩ። ዌናቺ ትልቅ ከተማ ስለሆነች ሆቴሎቿም ሱቆቿም ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ወደ ሌቨንዎርዝ የሚሄደው መንገድ ሜዳ ነው፤ የሊንክ ትራንዚት አውቶቡስም አለ። ስትይዙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የተራራው መንገድ ቢዘጋ ያለ ክፍያ መሰረዝ ይቻላል? አሳንሰር ወይም የምድር ቤት ክፍል አለ? ምግብ ማሞቂያ አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

መኪናውን ማዘጋጀት

አብዛኛው ሰው ስለ ሆቴል አንድ ሳምንት አስቦ ስለ ጎማው አንድ ደቂቃ አያስብም። ልብ ልትሉት የሚገባው መንገዱን ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው።

ከሲያትል ወደ ሌቨንዎርዝ የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድ ዩ ኤስ 2 ነው። ከደቡብ በኩል የምትነሡ በ405 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጥታችሁ በ522 ወደ ሞንሮ ትገባላችሁ፤ ከሞንሮ ጀምሮ ዩ ኤስ 2 ነው። ሱልታንን፣ ጎልድ ባርንና ስካይኮሚሽን አልፋችሁ ስቲቨንስ ፓስ የተባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ትወጣላችሁ። ከፍታው 4,061 ጫማ ነው፤ 1,238 ሜትር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሰው ዓይን ይህ ቆላ ነው፤ እናቴም ስነግራት አላመነችኝም። ግን ከውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ደመና ተራራውን ሲወጣ ቀዝቅዞ ሸክሙን የሚያራግፈው እዚያ ላይ ነው። ሲያትል ዝናብ እየዘነበ፣ ሞንሮም ዝናብ እየዘነበ፣ ስቲቨንስ ፓስ ላይ ግን በረዶው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ።

የጎማ ሰንሰለት፣ ማለትም መኪናው በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የሚታሰረውን፣ ያዙ። መኪናችሁ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ቢሆንም ያዙ። የዋሽንግተን ሕግ እንዲህ ነው፦ ሰንሰለት ግዴታ ነው የሚል ምልክት ሲበራ፣ በአራት ጎማ ከሚነዱት በስተቀር ሁሉም መኪና ማሰር አለበት፤ በአራት ጎማ የሚነዱትም ባያስሩ እንኳ ይዘው መገኘት አለባቸው። ደግሞም በአራት ጎማ መነዳት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ሁሉም መኪና እኩል ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ከአንድ የመኪና ዕቃ መደብር ገዝቼ ሣጥኑን ሳልከፍት ተጓዝሁ። ተራራው ሥር፣ በጨለማ፣ በረዶ እየዘነበብኝ ስከፍተው ለጎማዬ ጠባብ ነበር። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 225/65 አር 17 የሚለውን ዓይነት፣ ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ቁጥር ግዙ። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ፤ ሰንሰለት የማይፈቅዱ፣ ከብረት ገመድ ወይም ከጨርቅ የተሠራውን ብቻ የሚቀበሉ መኪናዎች አሉና። ከዚያ ቅዳሜ ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ደጃፋችሁ ላይ ሁለት ጊዜ እሰሩና ፍቱ። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ፊት ላይ ነው የሚታሰረው። ካሰራችሁ በኋላ ጥቂት ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ፤ ሁልጊዜ ይላላል። ሰንሰለት እንደታሰረ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አትንዱ። አስፋልቱ ሲገለጥ ደግሞ ከመንገድ ወጥታችሁ ፍቱት። ውኃ የማያስገባ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትና የምትንበረከኩበት ምንጣፍ ከሰንሰለቱ ጋር በአንድ ከረጢት አስቀምጡ። ያልተከፈተ ሰንሰለት በወቅቱ መጨረሻ መልሰው የሚረከቡ መደብሮች ስላሉ ስትገዙ ጠይቁ።

በመኪናው ውስጥ ሌላ የሚያስፈልገው፦ የማይረጋ የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ፣ የበረዶ መፋቂያ፣ አነስተኛ አካፋ፣ የስልክ መሙያ፣ ውኃ፣ ቆሎና ጋቢ። ጋቢ ስል ለጌጥ አይደለም። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት መቆም ያጋጥማል፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ስትቆዩ ከጋቢ የሚሻል የለም። ሞተር አስነሥታችሁ የምትሞቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እዩ። ተደፍኖ ከሆነ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ በየዓመቱ በብርድ አገር ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ሕፃን ልጅ ካላችሁ አንድ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። ወፍራም የብርድ ጃኬት እንዳለበሳችሁት የመኪና መቀመጫው ላይ አትሰሩት። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ጃኬቱ ውስጥ አየር ስላለ ግጭት ቢደርስ ይላላል። ጃኬቱን አውልቁ፣ ቀበቶውን አጥብቁ፣ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን በላዩ አልብሱት።

መንገዱን መንዳት

ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት፣ ጠዋት ስትነሡ፣ ደግሞም ሞንሮ ስትደርሱ የግዛቱን የመንገድ መሥሪያ ቤት መረጃ እዩ። በስልክ መተግበሪያው ላይ የተራራውን መንገድ በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎች አሉ። አስፋልቱ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ? ሰንሰለት ተጠይቋል? ይህን በዓይናችሁ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ነጭ ከሆነና በረዶው እየጣለ ከሆነ ጉዞውን በአንድ ቀን ማዘግየት ነውር የለውም።

ሞንሮ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ልጆችን ሽንት ቤት ውሰዱ። ከስካይኮሚሽ በኋላ የስልክ ሞገድ በብዙ ቦታ ይጠፋል፤ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የተራራውን ጫፍ ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ለማለፍ ሞክሩ። ቀን የቀለጠው በረዶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ መስታወት ይረጋል፤ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል፣ ጎማው ግን መያዣ ያጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መኪናው ቢንሸራተት ፍሬን አትርገጡ፤ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡና መሪውን ልትሄዱበት ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ በዝግታ ያዙ። ከፊታችሁ ካለው መኪና በተለመደው ርቀት ሁለትና ሦስት እጥፍ ራቁ። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ካገኛችሁ ከኋላው በትዕግሥት ሂዱ፤ አትቅደሙት።

ስቲቨንስ ፓስ ከተዘጋ በ90 አውራ ጎዳና በስኖኳልሚ ፓስ አልፎ፣ በዩ ኤስ 97 ብሉወት ፓስን ተሻግሮ መግባት ይቻላል። ይህ ረዘም ይላል፤ ብሉወት ራሱ 4,102 ጫማ ስለሆነ በረዶ የለበትም ማለት አይደለም። ስልኩ በጫካ ውስጥ አቋራጭ መንገድ ቢያሳያችሁ ፈጽሞ አትከተሉት፤ እነዚያ መንገዶች በብርድ ወራት አይጠረጉም።

ከተራራው ወርዳችሁ ወደ ከተማዋ ስትቃረቡ መንገዱ ተምዋተር ካንየን ውስጥ ይገባል። በአንድ በኩል ገደል የመሰለ አለት፣ በሌላ በኩል የዌናቺ ወንዝ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። እናቴ እዚያ ላይ ነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህ ሁሉ አመዳይ ነው?» ያለችኝ። በእኛ አገር በረዶ ሲባል ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነውና፣ እንደ ጥጥ ለሚወርደው ከአመዳይ የቀረበ ቃል አላገኘችለትም።

ባቡሩ

መንዳት የሚያስፈራው ሰው አይጨነቅ። ኤምፓየር ቢልደር የተባለው የአምትራክ ኩባንያ ባቡር በቀን አንድ ጊዜ ከሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ አመሻሹ ላይ ተነሥቶ ሌቨንዎርዝ ውስጥ አይሲክል በተባለው ጣቢያ ይቆማል። በመንገዱ ላይ በ1929 የተከፈተውን፣ 7.8 ማይል የሚረዝመውን የካስኬድ ዋሻ ያልፋል። ከዋሻው በፊት የነበረው የተራራ ሐዲድ አደገኛ ነበር፤ በማርች 1910 ዌሊንግተን በተባለ ቦታ ላይ የቆሙ ሁለት ባቡሮችን የበረዶ ናዳ ጠርጎ 96 ሰዎች ሞተዋል።

ባቡሩን ስትመርጡ ሁለት ነገር እወቁ። የመልሱ ባቡር ከቺካጎ የሚመጣ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ነው የሚደርሰው፤ በብርድ ወራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ ከመሀል ከተማውም ወጣ ይላል። ስለዚህ መሄጃውን በባቡር፣ ሌላ ዘመድ በመኪና መጥቶ መመለሻውን አብሮ ማድረግ ለአዛውንት የተሻለ ነው። ባቡሩ ምን ደረሰ የሚለውን ከሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጡ፤ ሕፃን ታቅፎ በረዶ ላይ መጠበቅ አይገባም።

ልብስ

በጃንዋሪ ቀን ቀን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 10 ሊወርድ ይችላል። ዋናው ደንብ ጥጥ ከቆዳ ጋር አለማገናኘት ነው። ጥጥ እርጥበት ይዞ አይለቅም፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይስባል። ካልሲ የሱፍ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ሦስት ጥንድ ካልሲና ሁለት ጥንድ ጓንት ያዙ። ከላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት። ለአያቶች ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለጥርስ ላስቲክ ግዙላቸው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አንድ የዳሌ ስብራት ግን የቤተሰብን ዓመት ያበላሻል። ጋቢና ነጠላ በመኪናና በሆቴል እንዲሁም ለፎቶ ይሁን፤ በረዶ ላይ ግን አይደለም።

ምግቡ

ሌቨንዎርዝ የቋሊማ ከተማ ናት። ብራትቩርስት የሚባለው ቋሊማ በብዛት ከአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው፤ ሽኒትዘል የሚባለው ተቀጥቅጦ የተጠበሰ ሥጋም ብዙ ጊዜ አሳማ ነው፣ የዶሮ ያላቸውም አሉ። ጎምዛዛው የጎመን ምግብ ዛወርክራውትና ቀዩ ጥቅል ጎመን የአትክልት ቢመስሉም የአሳማ ስብ ወይም ሥጋ ተጨምሮባቸው ይበስላሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምግብ ቤት «በውስጡ አሳማ አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ አስተናጋጆቹ ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ሙስሊም ወገኖች ዶሮውና የከብቱ ሥጋ ሐላል መሆኑን አስቀድማችሁ ካላረጋገጣችሁ የራሳችሁን ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ።

በጾም ከሄዳችሁ የሚቀመሰው ጥቂት ነው። ፕሬትዘል የሚባለው ትኩስ የተጠማዘዘ ዳቦ አለ፤ ቅቤ እንዳይቀቡት ንገሯቸው፣ ከሰናፍጭ ጋር ይጣፍጣል። የድንች ቂጣቸው እንቁላል አለበት፤ ሽፔትስለ የተባለው ፓስታቸውም እንዲሁ።

እኛ ስንቅ እንይዛለን፤ ይህን ማፈር የለብንም። አፈ ሰፊ ቴርሞስ ውስጥ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ በፈላበት ብትሞሉት ምሳ ሰዓት ድረስ ይተኩሳል። ቴርሞሱን አስቀድማችሁ በፈላ ውኃ ሞልታችሁ አሥር ደቂቃ ማቆየት ነው ዘዴው፤ አለበለዚያ ቀዝቃዛው ብረት የወጡን ሙቀት ይበላዋል። እንጀራውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ከመኪናው ሻንጣ ይልቅ ከሰው ጋር አስቀምጡት፤ ሻንጣ ውስጥ ደርቆ ይሰባበራል። ዳቦ ቆሎ ለልጆች ኪስ፣ በሶ ለሆቴሉ ጠዋት። እናቴ በሁለተኛው ጉዞ ጀበናና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ ነበር፤ ሆቴሉን አስቀድመን ጠይቀን ስላልተፈቀደ ግን ቡናውን ቤት አፍልተን በቴርሞስ ወሰድነው። በረዶ በከበበው መናፈሻ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን የጠጣነው ያ ቡና ከጉዞው ሁሉ የማይረሳኝ ነው።

በከተማዋ ውስጥ

ስትደርሱ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙና እርሱት። የመሀል ከተማው ማቆሚያዎች ይከፈልባቸዋል፤ ሆቴል ካደራችሁ እዚያው አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሰዓት በኋላ ፍሮንት ስትሪት በተባለው ዋና መንገድ ላይ ወደሚገኘው መናፈሻ ሂዱ። መሀሉ ላይ ጉብታ አለ፤ ልጆች በፕላስቲክ መንሸራተቻ ቀኑን ሙሉ ሲወርዱበት ይውላሉ፤ ክፍያ የለውም። መንሸራተቻውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ይወደዳል። አንዱ ወላጅ ከታች ይቁም፤ የሚወርደው ልጅ ከፊቱ ያለውን ማቆም አይችልምና።

ጀምበር በጃንዋሪ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ላይ ተገኙ፤ ተራራው ገና ሰማያዊ ሆኖ እየታየ መብራቱ የሚደምቅበት ጊዜ ነው፤ ፎቶም የሚያምረው ያን ጊዜ ነው፤ ፍጹም ሲጨልም ተራራው ይጠፋል። ስትራመዱ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር አትሂዱ፤ እንደ ጦር የተንጠለጠለው በረዶ ተሰብሮ ይወድቃል።

አያት ስትደክም ወይም ልጅ ሲበርደው ወደ ነትክራከር ሙዚየም ግቡ። ዋልነትን የመሰለ ጠንካራ ፍሬ ቅርፊቱን የሚሰነጥቁ መሣሪያዎች ስብስብ ነው፤ በወታደር፣ በንጉሥና በእንስሳ አምሳል የተቀረጹ ናቸው። በ1995 የተከፈተ ሲሆን ከ7,000 በላይ ይገኙበታል። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እኔ ልጆቼን አሰልቺ ይሆንባቸዋል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ካልወጣን ያልሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ከመሀል ከተማው አንድ ማይል ያህል የሚርቀው ሌቨንዎርዝ ስኪ ሂል ትንሽ ኮረብታ ነው፤ በአየር በተሞላ ጎማ መንሸራተት አለ፤ ለጀማሪ ከትልልቆቹ የበረዶ ስፖርት ሥፍራዎች ይልቅ ይሻላል። ቲኬቱን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የአጋዘን እርባታ ሥፍራም አለ፤ ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ ትንንሽ ልጆች በእጃቸው መመገቡን አይረሱትም። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ በወንዙ ዳር ያለውን ዋተርፍሮንት ፓርክ በእግር ተጓዙ፤ በረዶ የጫኑ ዛፎችና የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። እናቴ ከመብራቱ ይልቅ ይህን ወዳዋለች።

መመለስ

ስትመለሱም እንደ ሄዳችሁበት ካሜራውን እዩ፤ ተራራው በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ከጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ በሙሉ ጥረጉ፤ ስትነዱ ተንሸራቶ የፊት መስታወታችሁን ይሸፍናል ወይም ከኋላ ያለውን ይመታል። እሑድ የምትመለሱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጎልድ ባርና ሱልታን ላይ መኪናው ረድፍ ይዞ ይቆማል፤ ወይ ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊት ሌቨንዎርዝን ልቀቁ፣ ወይ ሰኞን ጨምሩ። ሬንተን ስትደርሱ ያን ሳምንት መኪናውን ከሥሩ ጭምር አሳጥቡ፤ ለበረዶ ማቅለጫ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ብረት ይበላል። ሰንሰለቱን ግን በዚያው ምሽት በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁትና ሳትቋጥሩ ዘርግታችሁ አስቀምጡት።